«ዶሩራ ነው» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ አንድ የዶርማችን ልጅ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሊያስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረው ላፕቶፑን ከፈተ። የፋይሎቹ ስም ተቀያይሯል፤ አንዱም አይከፈትም። ከሁለት ቀን በፊት ዊንዶውሱን አክቲቬት የሚያደርግ ክራክ ከሰው ፍላሽ ቀድቶ ጭኖ ነበር። ክራኩ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» አለው፤ አጠፋው። እኛም አጠገቡ ተቀምጠን እያየን ነበር። ተው ያለው የለም፤ ሁላችንም ያደረግነው ነገር ነዋ። ለአማካሪው በኢሜይል የላከው አሮጌ ቅጂ በመገኘቱ አልሐምዱሊላህ ተረፈ እንጂ፣ ሦስቱን ሌሊት የላብራቶሪ ቁጥሮቹን ከደብተር ላይ መልሰን ስናስገባ ነው ያደርነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክራክ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ዶሩራ ነው፣ ምን እናድርግ፣ የተማሪ ኪስ አይችለውም።» አንዳንዱ ደግሞ «ካምፓኒው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎድልበታል?» ይላል። ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ያ የዑለሞች ነው። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው የድርሰትና የፈጠራ መብት ባለቤት ያለው፣ ሊነካ የማይገባው ሐቅ መሆኑን ወስኗል። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ ሀብታም ስለሆነ ሐቅነቱ አይቀርም። ዶሩራ የሚባለውም ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። እዚህ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ያውም በነጻ።

ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ማለትም የእኛው እኩያ። ፈቃዱ ማንም እንዲጠቀምበት፣ ኮዱን ከፍቶ እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያባዛው ይፈቅዳል። እኛን የገረመን ይህ የመጨረሻው ነው። በክራክ ጊዜ እየተሳቀቅን የምናደርገው ነገር፣ ከጓደኛ ፍላሽ መቅዳት፣ እዚህ በባለቤቶቹ ፈቃድ የሚደረግ ነው። አንዱ አንዴ ካወረደው ብሎኩ በሙሉ ሊጭነው ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከእኛ ብዙዎቹ የያዝነው ሰው ተጠቅሞበት የሸጠልንን ላፕቶፕ ነው። 4 ጂቢ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ጭነን ሳይንገዳገድ ሲሠራ አይተናል።

አጫጫኑን በአጭሩ እንበል። አይኤስኦ ፋይሉን ከራሱ ከድርጅቱ ገጽ ማውረድ፤ 8 ጂቢ በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ በሩፈስ መጻፍ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲነሳ ኤፍ12 ወይም እንደየስሪቱ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ ከፍላሹ ማስነሳት። በዚህ ጊዜ ሊኑክሱ ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይሠራል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን እዚያው ሞክሩ። ካልወደዳችሁት ፍላሹን ንቀሉና ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ፤ የተነካ ነገር የለም።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ጫኚው «ዲስኩን በሙሉ ላጥፋ ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ልቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመካከላችን አንዱ ሳያነብ የመጀመሪያውን ተጭኖ የአራት ዓመት ፎቶውን አጥቷል (ስሙን ለመጥቀስ ቃል አልተገባልንም፣ ግን ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት አንዱ ነው)። መድረሳ የቀራን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ሉሕ የሚታጠበው ትምህርቱ ለኡስታዝ ከተሰማ በኋላ ነው። ፋይላችሁን መጀመሪያ በሌላ ቦታ ቅዱ፤ የቀዳችሁትንም ከፍታችሁ እዩት። ዊንዶውሳችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የማስመለሻ ቁልፉን በወረቀት ላይ ጻፉ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩ፤ ዲስኩ እየተከፋፈለ መብራት ከሄደ ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ።

ሁሉም ነገር ይሠራል ብለን አንዋሽም። አውቶካድ፣ ሶሊድወርክስ፣ ኢታብስ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። የሲቪልና የሜካኒካል ልጆች ሁለቱንም ጎን ለጎን ይያዙ፤ ለሶፍትዌሩም በካምፓስ ላብ ያለውን ወይም ለተማሪ በነጻ የሚሰጠውን ፈቃድ ይጠይቁ። ለማትላብ ኦክቴቭ ብዙውን የኮርስ ሥራ ይሸፍናል። ለጽሑፍ ሊብረኦፊስ አለ፤ የዎርድ ፋይል ግን አንዳንዴ መስመሩ ይዛባልና ለመምህር ስትልኩ ፒዲኤፍ አድርጉት። አማርኛም ዐረብኛም መጻፊያው ከሴቲንግ ውስጥ ይጨመራል።

አንድ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር አንለፍ። ባለፈው ዓመት ከማኅበራዊ ሳይንስ የመጡ እህቶች ሊኑክስ ስለመጫን ሲጠይቁን ጥቁር ስክሪን ከፍተን ትእዛዝ እያዥጎደጎድን ዕውቀታችንን አሳየናቸው። አንዷ «ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ» ብላ ላፕቶፗን ዘግታ ሄደች፤ ሌላ ጊዜ አልመጣችም። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ «የጻፍኩት ይጠፋብኛል ወይ?» ነው ያለችን። አልመለስንላትም። የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ልጆች ይህን ጠባይ ብንተው ግማሹ ሥራ ያልቃል፤ ኮዱን በነጻ ያገኘን ሰዎች በማስረዳቱ መሰሰት አያምርብንም።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከዓስር ሶላት በኋላ በላይብረሪው ጀርባ ባሉት ወንበሮች እንገኛለን። ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና የፋይላችሁን ቅጂ የያዘ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ቅጂ ሳይይዝ ለመጣ አንጭንም፤ ቅጂውን አብረን እንቀዳለታለን።