ለኮርሱ ከመክፈላችሁ በፊት

በ2015 ዓ.ም. በጋ፣ በገበያ ቀን ፍላቂት አስፋልቱ ዳር አንዲት ጎረቤታችን አስቆሙኝ። ልጃቸው ከሪያድ ብር ልካላቸዋለች። «አንተ ሒሳብ የተማርህ ነህ። ባንክ ላስቀምጠው፣ በግ ልግዛበት ወይስ ወልድያ ቦታ ልያዝበት? ምን ትለኛለህ?» አሉኝ። አፌ ተሳሰረ። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ የተማርኩት ግን የድርጅት መዝገብ መያዝ እንጂ የቤተሰብ ገንዘብ ማቀድ አልነበረም።

በዚሁ ቁጭት የኦንላይን የፋይናንስ ኮርስ መፈለግ ጀመርኩ። ቴሌግራም ላይ «ማለፍ ዋስትና አለው» የሚል ማስታወቂያ አየሁና መጋቢት ላይ ከፈልኩ። ግማሹ የቆጠብኩት፣ ግማሹ ከወንድሜ የተበደርኩት ነበር። ትምህርቱ በሙሉ ቪዲዮ ነው፤ ስልክ ላይ አይወርድም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን የሞባይል ዳታም ለወራት ጠፋ። ዳታው ሲመለስ የአንድ ዓመቱ ጊዜ አልፎ «ጊዜው አብቅቷል» የሚል ጽሑፍ ጠበቀኝ። ጽፌላቸው መልስ አላገኘሁም። የወንድሜ ብድር ግን ጊዜ አላለፈበትም።

ይህን የማነሳው ለለቅሶ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ «የቱን ልማር?» የሚለኝ ወጣት በዝቷል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ ይሰጣል። ሥራው እየመጣ ነው። አሻሻጩም አብሮ እየመጣ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ወረቀቱን ምረጡ። የአሜሪካው ሲኤፍፒ የግል ፋይናንስ ዕቅድ ነው፤ ስሙ ከጎረቤቴ ጥያቄ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ሰፋ ያለ ክፍሉ የአሜሪካ ግብርና የአሜሪካ ጡረታ ነው፤ ፍላቂት ላይ ማን ይጠይቃችኋል? ሲኤፍኤ አክሲዮንና ኢንቨስትመንት መተንተን ለሚፈልግ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ ለእያንዳንዱ ከ300 ሰዓት በላይ ጥናት ይመከራል። ኤሲሲኤ ለሒሳብ ባለሙያ ነው፦ 13 ፈተና፣ ማለፊያው 50፣ በዚያ ላይ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ። ዲግሪ ያለው ከአንዳንዱ ፈተና ነፃ ሊሆን ስለሚችል ከመክፈሉ በፊት ድረ ገጹ ላይ ያረጋግጥ።

ወረቀቱን ከመረጣችሁ በኋላ አስተማሪውን አፋጡት። ትምህርቱ ስልክ ላይ ይወርዳል ወይ? በጽሑፍስ አለው? ኔትወርክ ቢጠፋ ጊዜው ይራዘማል? የሙከራ ፈተናዬን ሰው ያርመዋል ወይስ ማሽን ብቻ ነው? «ዋስትና» ማለት ገንዘብ መመለስ ነው ወይስ ኮርሱን መድገም? ኤሲሲኤ እውቅና የሰጣቸውን ተቋማት ራሱ ይዘረዝራል፤ ጎልድና ፕላቲነም እያለም ደረጃ ይሰጣል። ስሙ እዚያ ከሌለ ተጠንቀቁ። ነፃ ናሙና ሳትሞክሩም አትክፈሉ፤ ያውም በቤታችሁ ዳታ፣ ማታ ኔትወርኩ በሚጨናነቅበት ሰዓት።

ክፍያውንም በብር አትገምቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የኮርሱን ብቻ ሳይሆን የምዝገባውን፣ የእያንዳንዱን ፈተናና ወደ ፈተናው ከተማ የመሄጃውን አንድ ላይ ደምሩ። ካልቻላችሁ በአንድ ፈተና ብቻ ጀምሩ።

ለሚመለከታቸውም አንድ ቃል አለኝ። የገንዘብ ምክር አዲስ አበባ ብቻ ለሚኖር ሰው አይደለም። ባለሥልጣኑና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የአማርኛ ማስተማሪያ ቢያዘጋጁ፣ ፈተናውንም ወልድያና ደሴ ድረስ ቢያመጡ የመቄትና የላስታ ልጅ ወደ ኋላ አይቀርም።

ጎረቤቴስ? አሁንም ሰርተፍኬት የለኝም። ግን በቀደም ደብተር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የዓመት ወጪያቸውን፣ ዕድራቸውንና ዕዳቸውን አብረን ጻፍን። ለክፉ ቀን የሚሆነውን ለይተን፣ በግ የሚገዛበትን ቀነስንና ቦታው ለጊዜው ይቆይ አልን። «ይህንን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበር?» አሉኝ።