ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲሉ ያሰቡት የወንዙን ዳር እንጂ የህንድ ውቅያኖስን አልነበረም። ሆኖም ዛሬ በዲያኒ ወይም በኪሊፊ የባሕር ዳርቻ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ምሳሌው ለዚያው ስፍራ የተነገረ ይመስለዋል። ከኮራሉ አጥር ወዲህ ያለው ውሃ እንደ ኩሬ ጸጥ ይላል። ጀማሪው ሰፊ ሰሌዳና ረጅም መቅዘፊያ ይከራያል፤ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይወስዳል፤ ይቆማል፣ ይቀዝፋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግስቱም ዓይኑን ከአጥሩ ወዲያ አረፋ እየተፋ ወደሚደረመሰው ሞገድ ይወረውራል። «ትናንት ቆሜያለሁ፤ ዛሬ እዚያ እንዳልቆም ምን ይከለክለኛል?» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

«ስታንድ አፕ ፓድል»፣ ባጭሩ «ሳፕ» የሚባለው በሰሌዳ ላይ ቆሞ የመቅዘፍ ስፖርት በራሱ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሽማግሌም ልጅም ሊማረው የሚችል፣ ለእግርና ለወገብ ጥንካሬ የሚሰጥ፣ መንፈስንም የሚያድስ ጨዋታ ነው። የሚነቀፈው ከእርሱ ጋር አብሮ የሚነዛው እምነት ነው፦ ጸጥ ባለው ውሃ ላይ የቆመ ሰው በትልቅ ሞገድ ላይ ለመቆም የሚጎድለው ድፍረት ብቻ ነው የሚለው እምነት። ይህ ሐሰት ነው። ጉዳቱም በሚያምነው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም።

በመጀመሪያ መቅዘፊያው የሚሠራውን ሥራ መመርመር ይገባል። በአጭር ሰሌዳ ላይ በደረቱ ተኝቶ በእጁ የሚቀዝፍ ጀማሪ ወደ ትልቁ ሞገድ መድረስ ይሳነዋል። የመጀመሪያው አረፋ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ያደክመዋል፤ በሦስተኛው አፍሮ ወደ ዳር ይወጣል። ባሕሩ ራሱ በር ጠባቂ ሆኖ «ገና ነህ» ብሎታል። ቆሞ የሚቀዝፈው ግን ሦስት ሜትር ገደማ በሚረዝምና ከ100 ሊትር በላይ ይዘት ባለው ሰሌዳ ላይ ሆኖ፣ ሞገዱ በማይሰበርበት ጥልቅ መተላለፊያ በኩል አቋርጦ፣ ፀጉሩ እንኳ ሳይረጥብ ከትልቁ ሞገድ ፊት ሊደርስ ይችላል። ቆሟልና ሩቅ ያያል፤ መቅዘፊያ ይዟልና ሞገዱን ገና ቀጥ ብሎ ሳይነሣ ይይዘዋል። እንግዲህ መቅዘፊያው ሰውየውን ዕውቀቱ ካልደረሰበት ስፍራ ያደርሰዋል ማለት ነው። መድረስን ከመቻል ጋር ማምታታት የዚህ ስፖርት ዋነኛ አደጋ ነው።

ለመሆኑ ትልቅ ሞገድ ምንድን ነው? ብዙዎች የትንሹ ሞገድ ታላቅ ወንድም አድርገው ያስቡታል። የተፈጥሮ ሕግ ግን ሌላ ይናገራል። የሞገድ ጉልበት የሚያድገው በቁመቱ ካሬ ነው፤ የሁለት ሜትር ሞገድ የአንድ ሜትሩን አራት እጥፍ ጉልበት ይዟል። ሞገድ የሚሰበረውም የውሃው ጥልቀት ወደ ሞገዱ ቁመት ሲቃረብ ነው፤ የአንድ ሜትር ተኩል ሞገድ የሚደረመሰው ሁለት ሜትር ገደማ በሚጠልቅ ውሃ ላይ ነው። ከአጥሩ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሥሩ የሚጠብቀው ገላ የሚቦጭቅ ኮራል ነው። በዚህ ላይ አጭር ሰሌዳ የያዘው ሰው ሰሌዳውን ወደ ታች ተጭኖ ከአረፋው ሥር ሲያልፍ፣ ቀዛፊው ወፍራም ሰሌዳውን እንዲህ ሊያሰጥመው አይችልም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ሞገዱ ሳይሰበር በላዩ ማለፍ፣ በጎኑ መዞር፣ ወይም ሰሌዳውን ለቆ መጥለቅ። የፊተኞቹን ሁለቱን ያልተማረ ሰው የሚቀረው ሦስተኛው ብቻ ነው።

«ነፍሴ የራሴ ናት» የሚለው መከራከሪያ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳውን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድ በሞገድ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሰሌዳውን ያህል ይረዝማል። ሦስት ሜትር ሰሌዳና ሦስት ሜትር ገመድ ሲደመሩ፣ ቀዛፊው በወደቀ ቁጥር በዙሪያው እስከ ስድስት ሜትር ድረስ አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጠንካራ ነገር ይወናጨፋል ማለት ነው። በዚያ ክብ ውስጥ የሚዋኘውን ሰው ማን ፈቃድ ጠየቀው? ገመዱ ቢበጠስ ደግሞ ሰሌዳው ብቻውን ወደ ዳር ይጋልባል፤ ባለቤቱም ዋና ካልሆነለት ሌላ ሰው የራሱን ነፍስ አስይዞ ሊያወጣው ግድ ይሆናል። ዋጋው በሌላ ሰው የሚከፈል ድፍረት፣ ድፍረት ሊባል አይገባውም።

የስፖርቱ ታሪክም ለችኩሎች አይመሰክርም። በሃዋይ፣ በዋይኪኪ ዳርቻ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንዳንድ የሰርፍ አስተማሪዎች በሰሌዳቸው ላይ ቆመው እየቀዘፉ ይንቀሳቀሱ ነበር። የቆሙበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ተማሪዎቻቸውን ለመጠበቅ፣ የሚመጣውን ሞገድ አስቀድሞ ለማየትና እንግዶቹን ፎቶግራፍ ለማንሣት ነበር። ይህን ልማድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አድሰው ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል የሚጠቀሱት ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማም መቅዘፊያ ከማንሣታቸው በፊት በታላላቅ ሞገዶች ላይ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ በፊት ሰርፍን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ዱክ ካሃናሞኩ ደግሞ ዋናተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም፣ በ1920ም በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1925 በካሊፎርኒያ፣ በኮሮና ዴል ማር፣ አንዲት ጀልባ በማዕበል ስትገለበጥ በሰሌዳው እየተመላለሰ 8 ሰዎችን አትርፏል። በዚያ ቀን ሰሌዳውን የሕይወት መሣሪያ ያደረገው የዋናተኛው ክንድና የባሕር ዕውቀቱ ነው። ያው ሰሌዳ በማያውቅ ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ ከሚሰጥሙት ላይ አንድ ይጨምር ነበር።

«ታዲያ ሳይገቡበት እንዴት ይማሩታል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አትግቡ የሚል አይደለም። ትምህርቱ ከመውደቅ ይጀምር ነው መልሱ። ጀማሪው ቁመቱ ከጉልበት በማያልፍ ሞገድ ውስጥ ሆን ብሎ ደጋግሞ ይውደቅ። ከሰሌዳው ርቆና ሰውነቱን ዘርግቶ መውደቅን፣ መቅዘፊያውን አለመልቀቅን፣ ብቅ ሲል ራሱን በክንዱ መሸፈንን፣ ሰሌዳው በእርሱና በሚመጣው ሞገድ መካከል እንዳይገባ መጠንቀቅን ይማር። ቀጥሎ እግሩን ያሠልጥን፤ ጸጥ ባለ ውሃ ጎን ለጎን የቆሙት እግሮች አረፋ ሲመጣ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ መሆን ይገባቸዋል። ጉልበት ይታጠፋል፤ መቅዘፊያው ከውሃ አይርቅም፣ ሦስተኛ እግር ነውና። የሰሌዳውም አፍንጫ ከአረፋው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል፤ በጎኑ የተቀበለ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ አንድም ሞገድ ሳይጋልብ ብዙ ቀን ይውጣና ይመለስ። ሞገዶች በቡድን እንደሚመጡ፣ በቡድኖቹም መካከል ፋታ እንዳለ እየቆጠረ ይወቅ። ከጉልበት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ራስ ቁመት ይለፍ፤ እያንዳንዱ እርከን ወራት ቢፈጅ ምን ይጎድልበታል? ዕንቁላልም ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው። ወደሚቀጥለው እርከን የሚያሳልፈው ፈተና ደግሞ አንድ ይሁን፦ ሰሌዳም ገመድም ሳይኖረው፣ ከሚጋልብበት ስፍራ እስከ ዳር ያለውን ርቀት እጥፍ አድርጎ መዋኘት ይችላልን? ካልቻለ ያ ስፍራ ገና የእርሱ አይደለም።

ይህ ነገር ከባሕር ርቆ ላደገ ሰው ይበልጥ ያሳስበዋል። በናይሮቢ ሥራ ይዞ ለበዓል ወደ ዳርቻው የሚወርደው ወገናችን ብዙውን ጊዜ የደጋ ልጅ ነው፤ ውሃን የሚያውቀው በክረምት የወንዝ ሙላት ወይም በጣና ታንኳ ነው። የጣና ባለ ታንኳ ደንገሉን ራሱ አስሮ የሠራትን ታንኳ እንኳ ሐይቁ ሲቆጣ ከዳር ያቆማታል። በሞምባሳ አካባቢ በባሕሩ መሙላትና መጉደል መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ቀናት ከ3 ሜትር ያልፋል። ውሃው ሲጎድል በአጥሩ ውስጥ የተጠራቀመው በጠባብ በሮች እየተገፋ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል፤ በበሩ አጠገብ የተገኘውንም ጀማሪ ይዞት ይወጣል። በዚያው ሰዓት ኮራሉ ከውሃው ወለል ሥር ቅርብ ይሆናል። ስዋሂሊዎች «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ በሚያይልባቸው ወራት ከአጥሩ ወዲያ ያለው ባሕር ይናወጣል። በሶማሌ የህንድ ውቅያኖስ ዳርቻም ብዙ አስጋሪዎች በእነዚያ ወራት ጀልባቸውን ከውሃ አውጥተው ነፋሱ እስኪያልፍ ይታገሣሉ። ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ የፈጁ ሰዎች እየታገሡ፣ የአንድ ሰዓት ተማሪ የማይታገሠው በምን ሥልጣኑ ነው?

ጥፋቱ በተማሪው ብቻ የሚላከክ አይደለም። «ዋና ትችላለህ?» ብሎ ሳይጠይቅ፣ የውሃውን የመሙያና የመጉደያ ሰዓት ሳይነግር ሰሌዳ የሚያከራይ ሰው ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ይህ ጥያቄ ደንበኛ ያሸሽብኛል ብሎ የሚሰጋ ከሆነ ሌላ ንግድ ይፈልግ። በአንጻሩ ሰሌዳቸው ትልቅ ነውና ቀዛፊዎች ከሞገዱ ሁሉ ይባረሩ የሚሉት ጋላቢዎችም ልክ አይደሉም፤ ሞገድ የማንም ርስት አይደለም። ይሁን እንጂ ቁጣቸው መሠረት አለው። ሩቅ የሚያየውና ቀድሞ የሚይዘው ቀዛፊ ያገኘውን ሞገድ ሁሉ ለራሱ ሲያደርግ፣ ሌላው ተኝቶ እየቀዘፈ በከንቱ ይጠብቃል። ብልጫ የተሰጠው ሰው ግዴታም ተሰጥቶታል። ሁለት ሞገድ ለሌሎች ትቶ ሦስተኛውን ይውሰድ፤ የሚጮኽ ሰው ቢኖርም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነውና እንደ ዋይኪኪ አስተማሪዎች አስቀድሞ ይድረስለት።

ስለዚህ የቀዛፊ ደረጃ በጋለበው ሞገድ ቁመት መለካቱ ይቅር። ፎቶግራፉ የሚያሳየው የቆመበትን ቅጽበት ነው፤ ሰውየው የሚታወቀው ግን ከወደቀ በኋላ ነው። ሰሌዳውን ቢያጣ በክንዱ ዋኝቶ የሚመለስ፣ ሲወድቅም በዙሪያው ያሉትን የማይጎዳ ሰው ትልቁን ሞገድ ይግባበት፤ ይገባዋልና። ሌላውን ግን ውሃው ገና እያሳሳቀው ነው።