ከማረሚያ ቤት የወጣው ልጅ ወዴት ይግባ? የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወጣቶች ጉዳይ

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ አንድ ወጣት ተፈርዶበት ደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ስንቅ ይቋጥርለታል፣ ዘመድ እየተመላለሰ ይጠይቀዋል። ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱን ወንድም አርሶታል፣ እኩዮቹ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው ቀርተዋል፣ ጎረቤት በሩን ቀደም ብሎ መዝጋት ጀምሯል። በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ከክፍል የጠፉ ልጆችን ወሬ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ ነበር፤ ወይ ከስደት ወይ ከእስር።

ሕጉ በወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414) ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰሩ ይከለክላል፤ ለእነሱ ተግሣጽ፣ ክትትል ያለው ትምህርት፣ ግድ ከሆነም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክን ያስቀምጣል። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 በማረሚያ ያሉ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ አዟል። ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት በአገራችን ስሙ የሚጠራው የወጣት አጥፊዎች ተቋም አዲስ አበባ ያለው ነው። በወገዳ ገበያ ፍየል ሰርቆ የተያዘን የ14 ዓመት ልጅ ማን አዲስ አበባ ያደርሰዋል? የ16 ዓመቱ ደግሞ ከጎልማሳው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይውላል፤ እዚያ ከሚያገኘው ትምህርት የትኛው ይዞት እንደሚወጣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ማረሚያ ቤቶቻችን ሙያ አያስተምሩም ማለታችን አይደለም። ሽመና፣ የእንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፣ ግንባታ በብዙዎቹ አለ። ጥያቄው ከበሩ ውጭ ያለው ነው። ብየዳ የተማረ ልጅ ያለ ብየዳ ማሽንና ያለ መብራት ምን ያደርግበታል? የመንግሥት ወይም የድርጅት ሥራ ሲፈልግ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ሕጉ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቶለታል፤ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ቀላል ከሆነ 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየ በኋላ። ይህ መብት እንዳለው የሚያውቅ የገጠር ወጣት ግን እኛ እስካሁን አላገኘንም። እነዚያን አምስት ዓመታት ምን እየበላ እንደሚጠብቅም ሕጉ አይነግረውም።

ብድር ይውሰድ እንዳይባል፣ ብድሩ የቡድን ዋስትና ይጠይቃል፤ የታሰረን ሰው በቡድኑ የሚያስገባ እኩያ ጥቂት ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅም አነጋጋሪው ነገር ይኸው ነበር፤ መደራጀት የሚችለው መጀመሪያም ሰው ያለው ወጣት ነው። ለሙስሊሙ ልጅ ደግሞ ወለዱ ሁለተኛ አጥር ሆኖበታል።

በእነዚህ ወረዳዎች ከሁሉ የከበደው ግን ገንዘብ አይደለም፣ ደም ነው። በድንበር፣ በግጦሽ፣ በሠርግ ላይ በተነሣ ጠብ ሰው የገደለ የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት ፍርዱን ቢጨርስም ለሟች ቤተሰብ ጉዳዩ አላለቀም። ደሙ ካልደረቀ ልጁ ገበያ መውጣት አይችልም፤ በግ ማድለብ ቢሠለጥን በጎቹን የሚሸጥበት ገበያ ላይ ባለ ደሙ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሥልጠና የሚሰጥ ሁሉ ሽምግልናን ቀድሞ ማሰብ አለበት እንላለን። ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች በአካባቢው አሉ፣ ቄስም ሼኽም አብረው ይቀመጣሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። ካሳውን መክፈል አቅቶት ዓመታት የሚንከራተት ቤተሰብም አለ። እዚህ ላይ ዘካን እናስታውሳለን። ቁርኣን ዘካ እንዲሰጣቸው ከዘረዘራቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ በዕዳ የተያዙት ናቸው፤ ዑለማዎችም ሁለት ወገኖችን ለማስታረቅ ዕዳ የተሸከመን ሰው በዚህ ውስጥ ያነሡታል። ይህን በአካባቢው ያሉ መጅሊሶች ሲሠሩበት አለማየታችን ያሳዝነናል።

አንባቢዎቻችን አንድ ነገር በሆዳቸው ይዘው እያነበቡ እንደሆነ እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. በእስቴ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ በታህሳስ 2012 በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ነደዋል። እሳቱን የለኮሰውን ጎረምሳ ሙያ እናስተምር፣ ሥራ እናስይዝ ማለት ቀላል አይደለም። ፍትሕ ይቅደም የሚለው አቋማችን አልተለወጠም፤ የተቃጠለ ሱቅ ባለቤት ካሳ ሳያገኝ አጥፊው መቋቋሚያ ቢቀበል ግፍ ይሆናል። ነገር ግን የተፈረደበትን ቀን ቆጥሮ የወጣው ልጅ የሚመለሰው ወደዚያው መንደር፣ ወደዚያው መስጊድ አጠገብ ነው። ሥራ የሌለውን ጎረምሳ በአንድ ወሬ አንሥቶ የሚያነዳው ሰው ነገም አይጠፋም።

የጊዜው ሁኔታም አልረዳም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ብዙ ንብረት ወድሟል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ነው፤ መንገድ በየጊዜው ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የሚውልበት ጊዜ በዝቷል። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዕቅድ ይዟል። መልካም ነው። መሣሪያ ያነሣው ኮሚሽን ሲኖረው፣ ሞባይል ሰርቆ ሁለት ዓመት የታሰረው ግን አንድ የሚጠይቀው ቢሮ እንኳ የለውም። ልጆቹ ይህን አይተው ምን እንደሚማሩ ቢታሰብ ጥሩ ነበር።

ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። በመቀሌ ማረሚያ ቤት በዓለም ሥራ ድርጅት ድጋፍ ታራሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ንብ ማነብ ተምረው ነበር፤ ቁም ነገሩ ማኅበሩ እዚያው ውስጥ መጀመሩ ነው። ለጋይንትና ለጉና ግርጌ ደግሞ የድንች ዘር፣ የበግ ማድለብና ንብ ከብየዳ ይልቅ ይስማማሉ፤ መብራት አይጠይቁም። ሽመናም አለ። በጎንደር ምድር ሙስሊሙ በቀድሞው ዘመን ርስት ተከልክሎ ወደ ንግድና ወደ ሸማ ሥራ የገባ ሕዝብ ነው፤ እጁ ላይ ሙያ ያለው አባወራ ዛሬም አለ። አንድ ሸማኔ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ነጋዴ አንድ ልጅ ቢይዝ ብዙ ኮሚቴ አያስፈልግም። ልጁ ክርስቲያን ቢሆንም ሰደቃው አይቀንስም። መነሻ ገንዘቡም በቀርድ ሐሰን፣ ያለ ወለድ፣ በመስጊዱ ጀመዓ በኩል ሊሰጥ ይችላል፤ ዋሱም ኢማሙና ጀመዓው ይሁኑ። አንዳንድ ዳዒዎች እዚህ ላይ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ያነሣሉ፣ ከእስር ወጥተው የግብፅን ግምጃ ቤት እንደተረከቡ። እርሳቸው የታሰሩት ግን ንጹሕ ሆነው ነው፤ የእኛ ልጆች ብዙዎቹ አጥፍተዋል። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ ይቆይና የሽመናው ዕቃ ይበቃናል።

የክልሉ ይቅርታ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ዓመት ጋር ይያያዛል። በአመክሮ የሚወጣውም ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ማረሚያ ቤቱ ስሞቹን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለወረዳው ሽማግሌዎች፣ ለመጅሊሱና ለቤተ ክህነቱ ቢያሳውቅ፣ ደም ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት የሟች ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ሌላውን ደግሞ የሚቀበለው ባለሙያ ይፈለግለታል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ከደብረ ታቦር አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነው።