ኮምፒውተር ለመግዛት መርካቶ ለሚሄድ ሰው

ዕቁብ የደረሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ገንዘቡ እንዲሁ ሳይበተን አንድ ቁም ነገር ላይ እንዲውልለት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከእነዚህ ቁም ነገሮች አንዱ ኮምፒውተር ሆኗል። መምህሩ ፈተና ያዘጋጅበታል፤ የሒሳብ ሠራተኛው መዝገቡን ይይዝበታል፤ ተማሪውም በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ፣ ማውስን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና አዳራሽ ውስጥ መጨበጥ እንደማያዋጣ ተገንዝቧል። ማታ ማታ ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ግጥሚያ እግር ኳስ ቢጫወቱበት ነውር አይደለም።

ከሥራ ባልደረቦቼም ከተማሪዎቼ ወላጆችም «መርካቶ ሄጄ ምን ዓይነቱን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ አዘውትሮ ስለሚደርሰኝ፣ ለሥራና ለቀላል ጨዋታ የሚበቃ፣ ዋጋው የማይጎዳ፣ ኋላም እየተሻሻለ የሚሄድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚመረጥ በዛሬው ዓምድ ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ እንዳይታይዎ። ባለጸጋ ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ የወር ደመወዝተኛ ግን ተሳስቶ የገዛውን ዕቃ እያየ ብዙ ዓመት ይኖራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ኮምፒውተር ደግሞ ከብሎኑ ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራትም በዓለም ገበያ የራም ዋጋ ናረ፤ ይኸውም ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚያቋቁሟቸው ማእከሎች ምክንያት ቺፑን በብዛት ስለሚጠቀልሉት ነው። ስለዚህ መርካቶ ውስጥ አንድ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል።

«ላፕቶፕ አይሻልም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይዞት ለሚዞር ሰው ያለ ጥርጥር ይሻላል። ነገር ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩና የሥዕሉ ቺፕ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይደው ስለሚሠሩ፣ እንደተገዙ ይኖራሉ እንጂ አይሻሻሉም። የጠረጴዛው ግን ሲታመም የታመመው ክፍል ብቻ ይለወጣል፤ ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝም የደከመው ክፍል ብቻ ይተካል።

ይህን ጠባይ መርካቶ አሳምሮ ያውቀዋል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ፋሺስት ኢጣሊያ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ፣ ሰፈሩ ዕቃ መሸጫ ብቻ ሳይሆን ዕቃ ማደሻም ሆኖ ኖሯል። በምናለሽ ተራ አሮጌው በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ በሶማሌ ተራ ከአንዱ መኪና የወጣው አካል ለሌላው ይተርፋል፤ የልብስ ሰፊው ሲንጀርም ክፍሉ እየተለወጠ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ ኮምፒውተርዎን በሲንጀሩ ሚዛን ይመዝኑት፤ የሚፈታና የሚለወጥ፣ መለዋወጫውም በገበያ የሚገኝ ይሁን።

በአነስተኛ ገንዘብ ከሚገኙት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመታት አገልግሎ የተመለሰ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። በመርካቶ አፍ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይባላል። በብዛት የሚታዩት ስሞችም ሦስት ናቸው፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክና ፕሮዴስክ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር። ጠንካራ ናቸው፤ ለረጅም ሥራ ተብለው የተሠሩ ናቸውና። ሆኖም ሁሉም እኩል አይደሉም።

አንደኛው ምርመራ ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። ባለሱቁ «ኮር አይ 7 ነው፣ መምህር!» ሲልዎ ገና ምንም አልነገረዎትም። የሚጠየቀው ትውልዱ ነው። ትውልዱን ለማወቅ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ 4790 ቢል 4ኛ ትውልድ፣ 8500 ቢል 8ኛ፣ 10500 ቢል 10ኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7 2600 አራት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ በ2018 የወጣው አይ 5 8500 ስድስት ኮር አለው፤ በኀይልም ይበልጠዋል። ስለዚህ ስሙ ያነሰው በሥራ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከ8ኛው ትውልድ በታች እንዳይወርዱ የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጠቅላላው 8ኛውንና ከዚያ በላይ ያለውን ይጠይቃል። ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060ና 7060፣ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ቲንክሴንተር ኤም 720ና ኤም 920 ከዚህ ወገን ናቸው። ገንዘቡ ለዚህ የማይበቃ ሰው ከዚያ በፊት የነበረውን ገዝቶ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ቢጭንበት ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ ይበቃዋል። ይህ የድኻ መንገድ ነው ተብሎ አይናቅ፤ በዓለም ላይ ካሉት የኢንተርኔት ሰርቨሮች የሚበዙት የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ስለ ኬዙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። የቢሮ ኮምፒውተር በሦስት ቁመና ይመጣል። መጽሐፍ የሚያክለው ሚኒ ወይም ማይክሮ ይባላል፤ ጠረጴዛ አያጣብብም፣ መብራትም ይቆጥባል፣ ግን ተራው ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም። ቀጭኑ ኤስ ኤፍ ኤፍ ይባላል፤ የሚቀበለው ቁመታቸው ያጠረ ካርዶችን ብቻ ነው። ትልቁ ታወር ይባላል፤ መደበኛውን ካርድና ተጨማሪ ዲስክ ያስገባል። ባለሱቁ ትንሹን እያሳየ «ግዴለም፣ ኋላ ይጨመርበታል» ቢልዎ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ ይወቁት። ለማሻሻል ያሰበ ሰው ታወሩን ይግዛ፤ መልኩ ባያምርም ነገ ያድግለታል።

ታወሩም ቢሆን ወሰን አለው። እነዚህ ሦስት ኩባንያዎች ለብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮቻቸው የራሳቸውን ልዩ ፓወር ሰፕላይና ልዩ መሰኪያ ስለሚያደርጉ፣ በገበያ የሚሸጠው መደበኛው ፓወር ሰፕላይ እንዲሁ አይገጥምላቸውም። ኀይሉም ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 260 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ራም፣ ዲስክና መጠነኛ ካርድ ይጨመርባቸዋል እንጂ ከባድ ካርድ አይችሉም። ሁሉን ክፍል በየጊዜው ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ግን በመደበኛ ዕቃ የተገጣጠመውን መምረጥ አለበት። ለምሳሌ ኤኤም 4 በሚባለው የኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውን ራይዘን የገዛ ሰው፣ ባዮሱን አሳድሶ ከ2020 ጀምሮ የወጣውን 5000 ተከታታይ ራይዘን በዚያው ቦርድ ላይ ሊተክል ችሏል። በዚህ ወገን ያለው ራይዘን 5 5600ጂ በራሱ ውስጥ ደህና የሥዕል ክፍል ስላለው ያለ ካርድም ያጫውታል። መጀመሪያ ላይ ዋጋው ይከብዳል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው።

ሦስተኛው ስለ ራምና ስለ ዲስክ ነው። ራም በዘመን የተለያየ ነው፤ ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4ና ዲዲአር 5 አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገቡም። ከላይ የጠቀስኳቸው የ8ኛ ትውልድ ኮምፒውተሮች ዲዲአር 4 ይፈልጋሉ። ለሥራ ከ8 ጊጋባይት በታች አይውሰዱ፤ ለጨዋታ 16 ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ የቁጠባ ዘዴ ልንገርዎ። የማስገቢያው ብዛት ሁለት ብቻ ከሆነና ዛሬ 8 ጊጋባይት ብቻ የሚገዙ ከሆነ፣ ሁለት ባለ 4 ከማድረግ ይልቅ አንድ ባለ 8 አድርገው ሁለተኛውን ቦታ ባዶ ይተዉት። ነገ ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ባለ 8 ይጨምሩበታል፤ የሚጣል ነገር አይኖርም። ሁለቱ ጥንድ ሆነው ሲሠሩም ፍጥነታቸው ይጨምራል።

ዲስኩ ኤስ ኤስ ዲ ይሁን። የሚሽከረከረው አሮጌው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ተራው የሳታ ኤስ ኤስ ዲ 500 አካባቢ ያነባል፤ ትናንሽ ፋይሎችን በመፈለግማ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ ለውጥ በኋላ እንደ አዲስ ሲነሣ ማየት ያስደስታል። ሃርድ ዲስኩ ግን አይጣል፤ ለፎቶግራፍ፣ ለፊልምና ለጨዋታ ማከማቻ ያገለግላል። ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ70 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛልና።

አራተኛው ስለ ጨዋታው ነው። የድሮዎቹ ጨዋታዎች፣ እንደ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ያሉት፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው የሥዕል ክፍል ብቻ ይሄዳሉ። ከዚያ የከበደውን የሚፈልግ እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ ይፈልግ። ሁለቱም 75 ዋት ያህል የሚወስዱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ኀይሉን በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ስለሚስቡ ተጨማሪ ገመድ አያሻቸውም። ከ1650ው ውስጥ ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ ዓይነትም ስላለ ካርዱን ገልብጠው ይመልከቱ። በኤስ ኤፍ ኤፍ ውስጥ የሚገባ አጭር ዓይነትም አላቸው። ከዚህ በላይ የሚመኝ ሰው ግን «ቀላል ጨዋታ» ከሚባለው ወሰን አልፏል፤ የተጠየቀውም ገንዘብ ሌላ ነው።

አምስተኛው ስለ መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በአንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር በ115 ላይ እንዳለ ከግድግዳችን ጋር ቢገናኝ በቅጽበት ይቃጠላል። ከመሰካትዎ በፊት ይመልከቱት፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አያሳስብም። መብራት ድንገት ሄዶ ድንገት ሲመለስ ደግሞ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ ዲስክም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከግራፊክስ ካርድ በፊት ዩፒኤስ ይግዙ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢያቆም እንኳ ሥራውን አስቀምጦ በደህና ለማጥፋት ይበቃል።

አሁን ሱቅ ውስጥ ገብተዋል እንበል። ደላላውን አመስግነው ያሰናብቱት፤ የእርሱም ድርሻ የሚወጣው ከእርስዎ ኪስ ነው። በኬዙ ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይመኑ፤ ወረቀት ነውና በማንኛውም ሣጥን ላይ ይለጠፋል። «ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ አብራልኝ» ይበሉ። ሲከፈት ታስክ ማናጀር የሚባለውን ገጽ ከፍተው ፐርፎርማንስ ወደሚለው ይሂዱ፤ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠን፣ ስንት ማስገቢያ እንደተያዘና ስንቱ ባዶ እንደሆነ ሁሉ ያሳይዎታል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የዲስኩን ጤንነትና የሠራበትን ሰዓት ይናገራል። ከዚያም ባዮሱን በፊትዎ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ፤ የቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ዘግቶበት ከሆነ እንደዚያው ሆኖ ይቀርዎታል። በመጨረሻ ክዳኑ ይከፈት። ያበጠ ካፓሲተር፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም የተሰበረ መሰኪያ ካለ ዋጋ አይከራከሩ፤ ይተዉት። ይህን ሁሉ በደስታ የሚያሳይ ነጋዴ በመርካቶ ሞልቷል፤ የሚቆጣውን ትተው ቀጣዩ ሱቅ ይግቡ።

ስለ ክፍያው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዋጋውን ከሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ ገንዘብ አያውጡ፤ ሲከፍሉም የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙና የዲስኩ መጠን፣ ለስንት ቀን ዋስትና እንደተሰጠ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ዋስትና የሱቁን ደፍ ከተሻገሩ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

እንግዲህ ተራው እንዲህ ነው። ዛሬ ባለ 8ኛ ትውልድ አይ 5 ታወር ከ8 ጊጋባይት ራምና ከኤስ ኤስ ዲ ጋር፤ ቀጥሎ ዩፒኤስ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው ራም፤ ካርዱ በመጨረሻ። ለካርዱ ሲሉ አራጣ የሚበደሩ ወጣቶች አሉ፤ ይህ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ በየጊዜው በአንዲት ክፍል የሚያድግ ኮምፒውተር ባለቤቱን ሳያስጨንቅ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።