ጧሪ ያጣ ጡረታ

መቼም በዚህ አገር ደመወዝተኛን መምከር ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራ ሆኗል። ሬዲዮ ስከፍት አንድ «የፋይናንስ አማካሪ» ይጠብቀኛል። ከደመወዛችሁ 20 በመቶውን ለእርጅናችሁ አስቀምጡ ይለኛል። ጣቢያ ስቀይር ሌላው 10 በመቶ ይበቃል ይላል። (ሁለቱን 15 ላይ የሚያስማማ ሽማግሌ እንዴት ጠፋ!) ቀጥሎ የባንክ ማስታወቂያ ይመጣል። የሁሉም መክፈቻ ግን አንድ ነው፦ «እኛ ኢትዮጵያውያን የቁጠባ ባህል የለንም።»

ጠቤ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጋር ነው።

በዚህ አገር ደመወዙ እጁ ሳይገባ የሚቆጥብ አንድ ፍጡር ቢኖር ደመወዝተኛው ነው። ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ድምሩ 18 በመቶ። «11ዱማ የአሠሪው ነው» የሚል አይጠፋም። አሠሪ ሰው ሲቀጥር ወጪውን በሙሉ ደምሮ ነው ደመወዝ የሚተምነው፤ ያ 11 በመቶ የላባችን ዋጋ እንጂ የማንም ችሮታ አይደለም። እንግዲህ 18 በመቶ በየወሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያስቀምጥን ሰው ነው ባህል የለህም የምንለው።

ከደመወዝተኛው ውጪ ያለውስ? ዕቁቡን የት እናድርሰው? ዕድሩንስ? ጉሊት የምትሸጥ ሴት የዕቁቧን ቀን አታሳልፍም። ዕጣው ለጎረቤቷ ሲወጣ እልል ብላ፣ የራሷን ተራ እየጠበቀች፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ፊርማ ታዋጣለች። ዕድሩማ ጉድ ነው። ስንሞት ድንኳን እንዲተከል፣ ወንበርና ብረት ድስት እንዲቀርብ፣ አልቃሽ በባዶ ሆዱ እንዳይመለስ ዕድሜ ልካችንን እንከፍላለን። ከሞትን በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት እንዲህ አሳምሮ ያደራጀ ሕዝብ ከመሞቱ በፊት ላሉት ሃያ ዓመታት ለምን እንዳላደራጀ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው ግን ስለ ባህል ማጣት አይደለም።

የድሮ ሙያዬ ነውና ትንሽ ቃል ልሰንጥቅ። ጡረታ የሚለው ቃል ከ«ጦረ» ነው የመጣው። መጦር ማለት ያረጀን ሰው መመገብ፣ ማልበስ፣ መያዝ ነው። ወላጅ ልጅ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት የአንድ ሰው ሥራዎች ስለነበሩ ነው፤ የልጅ። ከተማው ሲመጣ ሥራው ተከፈለ። ቀባሪነቱን ዕድር ወሰደው፤ ጧሪነቱን መንግሥት። የመንግሥት ሠራተኛ በሕግ የጡረታ ዐቅድ ያገኘው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብቆ፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ገባበት። ዕድር ቃሉን አክብሯል። ሌላኛውን ጧሪ እስቲ እንየው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ቢያንስ አሥር ዓመት ያገለገለና ጡረታ የወጣ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት መደበኛ ደመወዙ አማካይ ይወሰዳል። ለአሥሩ ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰብለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ስትጨብጥ የኖረችና አማካይ ደመወዟ 15,000 ብር የሆነ መምህርት እንበል። 55 በመቶ ነው የሚደርሳት፤ 8,250 ብር። ጣሪያው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይኖርባታል። በ60 ዓመቷ ጡረታ እንድትወጣ በ18 ዓመቷ መቀጠር ነበረባት ማለት ነው። በ18 ዓመቷማ ገና ተማሪ ነበረች!

ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው መደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የኃላፊነት አበል የሚሉት አይገባበትም። አንዳንድ የግል አሠሪ ደመወዙን አሳንሶ አበሉን የሚያሳብጠው ለምን ይመስላችኋል? ወጣቱ ተቀጣሪ ወር ሲደርስ እጁ የገባውን ቆጥሮ ይደሰታል። በ60 ዓመቱ አበሉ በሙሉ ተኖ፣ ያች ትንሿ «መደበኛ» ብቻ ትቀርለታለች።

አሁን ደግሞ ወደ ባንኩ። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ መጠን በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ ተብሎ እሰየው ተባለ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በዚያ ዓመት አማካሪውን ሰምታ 100 ብር ያስቀመጠች ጨዋ ቆጣቢ በዓመቱ 107 ብር አገኘች። በ100 ብር ትገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ገብቷል። 107ቱ በዱሮው ዋጋ ቢመነዘር 82 ብር ነው። 18 ብሯን ማን በላው? ቀሚስ ገዝታበት ቢሆን ኖሮ «አባካኝ» ተብላ በሬዲዮ ትመከርበት ነበር፤ ቀሚሱ ግን ይኖራት ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከመጨረሻው ጭማሪ በፊት ጡረታ የወጣችው መምህርት ያኔ ማንን ጠየቀች? ለጡረታ አበል አልፎ አልፎ ማስተካከያ መደረጉ እውነት ነው፤ ገበያው ግን ማስተካከያ የሚያደርገው በየሳምንቱ ነው።

ለቆጣቢ የተገባ ቃልም አለ። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ንግድ ባንክ የተሰለፉትን አስታውሱ። እነዚህ ሰዎች አማካሪው የሚላቸውን በሙሉ አደረጉ። ግብ ነበራቸው፣ ወር አላሳለፉም፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነጥለው አስቀመጡ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ቁልፍ አልያዙም። ለእነሱም «የቁጠባ ባህል የላችሁም» በሉና ንገሯቸው እስቲ።

«እና አንቆጥብ ነው የምትለው?» ትሉኛላችሁ። እንዲህ ብሎ ትከሻውን የሚሰብቅ ወዳጅም አለኝ፤ «ብሩ ለሚረክስ ምን ያደርጋል» እያለ የሦስት ወር ደመወዝ ለአንድ ሠርግ የሚያወጣ። ለእሱ ጠበቃ አልቆምም። ገንዘብ መርከሱ ለቢራ ሰበብ አይሆንም።

የኔ አቋም ይኸውና። ደመወዙ ከወሩ ሃያኛ ቀን የማያልፍ ሰው ዜሮ በመቶ ይቆጥብ፤ ከዚያም በሰላም እንተወው። ልጆቹን አብልቶ ካሳደረ የሚችለውን አድርጓል፤ ጥፋተኝነትን ከቤት ኪራይ ጋር ደርበን አንጫንበት። ከዚያ ከፍ ያለው ግን መቶኛውን ከደመወዙ ሳይሆን ከጭማሪው ይጀምር። ደመወዝ ሲጨመር ግማሹን ሳይለምደው ያሽሸው፤ ያልለመድነው ገንዘብ ሲሄድ አያምም። ለሕመም የሚሆን የሁለት ሦስት ወር ወጪ ባንክ ይቀመጥ፤ ይርከስም፣ እዚያ የተቀመጠው ለፍጥነቱ ነው። የቀረው ብር ሆኖ አይሰንብት። ጓሮ ያለው ብሎኬትና ቆርቆሮ እያጠራቀመ አንድ የሚከራይ ክፍል ያውጣ። እናቶቻችን ወርቅ ጣት ላይ የሚያደርጉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ልጅን ግን ከዚህ ዝርዝር አውጡት። ሙሉ ደመወዙን ለግል ትምህርት ቤት እየከፈለ «ጡረታዬ ልጄ ነው» የሚል ሰው በየቢሮው አለ። ቤይሩትና ጅዳ በሰው ቤት የምትለፋው ልጅ የላከችውን እየጠበቁ የሚያረጁ ወላጆችን እያየን ነው። ልጅቷ ለእነሱ ጡረታ ናት፤ ለእሷስ ጡረታ የሚቆርጥላት ማን ነው? መጦር ወግ ነው፤ እኔም ወላጆቼን ጦሬያለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ዐቅድ አድርጎ መውለድ ግን ዕዳን በክርስትና ስም መጥራት ነው።

ዋናው ክርክር ግን ያለው ያ 18 በመቶ ጋ ነው። የጡረታ ፈንዱ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የተቀመጠው አነስተኛ ወለድ በሚከፍል የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነበር። ያ ወለድ ንረቱን ሳይደርስበት የቀረው ልዩነት ከመምህርቷ እርጅና ላይ የተቀነሰ ነው። በ2014 ዓ.ም. የጡረታ አዋጆቹ ሲታደሱ በየሻይ ቤቱ ስለዚህ ሲከራከር የሰማሁት ሰው የለም። ስለ አርሴናል ግን ነበር።

ስለዚህ የሬዲዮውን ሰውዬ ከማዳመጣችሁ በፊት ነገ ጠዋት የሰው ሀብት ቢሮ ጎራ በሉ። የጡረታ መለያ ቁጥሬ ስንት ነው በሉ። የተቆረጠብኝ በሙሉ ገቢ ሆኗል ወይ በሉ፤ ከሠራተኛ ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አሠሪ አለና። መደበኛ ደመወዜ ስንት፣ አበሌ ስንት ተብሎ ነው የተጻፈው በሉ፤ ወረቀቱንም አሳዩኝ በሉ። ጸሐፊዋ በአግራሞት ቀና ብላ ብታያችሁ አትደንግጡ፤ የምትጠይቁት የራሳችሁን ገንዘብ ነው።