ስም የማውጣት ሥልጣን የማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ግን ስም የሚያወጣው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው። ቫሪያብል የምንለው የዋጋ መያዣ «ውጤት» ወይም «ዕድሜ» ተብሎ የሚሰየመው ለማሽኑ ታስቦ አይደለም። ለማሽኑ ሁሉም ስም አንድ ነው። ስሙ የሚጠቅመው ነገ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ለሚያርም ሰው ነው። በእኛ እምነት ጸሐፊው ይህን ሥልጣን ለማንም፣ ለራሱ ለፕሮግራሙም ቢሆን፣ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ፈተናው የሚመጣው ተመሳሳይ ነገሮች ሲበዙ ነው። የ40 ተማሪዎችን ውጤት የሚቀበል የድረ ገጽ ቅጽ የሚያዘጋጅ ጀማሪ «ውጤት1»፣ «ውጤት2» እያለ ይጀምራል። ጥቂት እንደ ሄደ ይሰለቸውና ስሞቹን ቋንቋው ራሱ እንዲፈጥርለት ያደርጋል። ፒኤችፒ የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ በሁለት ተከታታይ የዶላር ምልክቶች ይህን ይፈቅዳል። እንዲህ የተፈጠሩት ስሞች ግን ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ እንጂ በጽሑፉ ውስጥ አይገኙም። ስሕተት ተፈጥሮ «ውጤት17» የሚለውን ቃል በጽሑፉ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ፒኤችፒ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ሬጂስተር ግሎባልስ» በሚባል አሠራር ከቅጽ የመጣውን ስም ሁሉ በቀጥታ ወደ ቫሪያብል ይለውጥ ነበር። ፕሮግራሙ ተጠቃሚውን ለማስገባት «ተፈቅዷል» የሚል ቫሪያብል የሚመለከት ቢሆንና ጸሐፊው ለዚህ ቫሪያብል አስቀድሞ ዋጋ ባይሰጠው፣ ማንም ሰው ይህንኑ ስም በገጹ አድራሻ ላይ ጨምሮ ያለ ይለፍ ቃል ሊገባ ይችል ነበር። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 4.2.0 እትም ካልተፈለገ በስተቀር እንዳይሠራ ተደረገ፤ በ2012 በወጣው 5.4.0 እትም ደግሞ ጨርሶ ተወገደ። ስም የማውጣት ሥልጣን ለውጭ ሰው ሲሰጥ የሚያስከትለው ይህንን ነው።

ለተመሳሳይ ነገሮች ትክክለኛው ማስቀመጫ አሬይ፣ ማለትም በአንድ ስም ሥር በመለያ የሚጠሩ ዋጋዎች ስብስብ ነው። ይሁን እንጂ አሬይ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ቼክቦክስ የሚባለው ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አንድ ልዩ ጠባይ አለውና። ምልክት ያልተደረገበት ሳጥን «የለም» የሚል መልስ አይልክም፤ ጨርሶ ምንም ነገር አይልክም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 ደንብ ጀምሮ ያለ ነው።

በምሳሌ እንየው። አምስት ተማሪዎች በአምስት ረድፍ ተዘርዝረዋል እንበል። በእያንዳንዱ ረድፍ የውጤት መጻፊያ ቦታና «ፈተናውን አልወሰደም» የሚል ሳጥን አለ። መምህሩ በ2ኛውና በ5ኛው ረድፍ ላይ ምልክት ያደርጋል። የውጤት ቦታዎቹ ባዶ ቢሆኑም እንኳ አምስቱም ይላካሉ። ከሳጥኖቹ ግን የሚላኩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሳጥኖቹ በስማቸው መጨረሻ ላይ ባዶ የማዕዘን ቅንፍ ብቻ ከተደረገላቸው፣ ፒኤችፒ የመጡትን ሁለቱን በአሬዩ ውስጥ 1ኛና 2ኛ አድርጎ ይደረድራቸዋል። ጸሐፊው ሁለቱን አሬዮች በተራ ቢያዛምዳቸው፣ ፈተና ላይ የተቀመጠው 1ኛው ተማሪ «አልወሰደም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያልተቀመጠው 5ኛው ደግሞ እንደ ወሰደ ይቆጠራል። ፕሮግራሙ ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም። ስሕተቱ የሚታወቀው ተማሪው ውጤቱን ሲያይ ነው፤ እሱም ካየው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ የተማሪው መለያ ቁጥር ይግባ። ውጤቱና ሳጥኑም በዚሁ መለያ ይጠሩ። ከዚያ ፕሮግራሙ ከቅጹ የመጣውን ዝርዝር ተከትሎ ሳይሆን በራሱ መዝገብ ያሉትን ተማሪዎች አንድ በአንድ እየጠራ «ለዚህ ተማሪ ምልክት መጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በመዝገቡ የሌለ መለያ ቢመጣ አይቀበለው። በዚህ መንገድ ያልመጣው ምልክት ትርጉሙ በጸሐፊው ይወሰናል፤ ከውጭ የሚመጣ ስምም በር አይከፍትም።

«ለትንሽ ሥራ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ትንሽ ፕሮግራም ግን ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ የዛሬው መለማመጃ ነገ የክሊኒክ ቅጽ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅጽ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» የሚል ባዶ ሳጥን ብናይ፣ በሽተኛው «ይስማማኛል» ብሏል ወይስ ጭራሽ አልተጠየቀም? ሳጥኑ ሁለቱን አይለይም። እንዲህ ላለው ጥያቄ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «አልታወቀም» ከሚሉ ሦስት አማራጮች አንዱን የሚያስመርጥ ቅጽ ማዘጋጀት ይገባል። ዝምታ ወርቅ ነው ቢባልም በሕክምና መዝገብ ላይ አደጋ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን አንድ ልማድ እንዲይዙ እንመክራለን። ቅጽ ሲሞክሩ ሁሉንም ሳጥኖች ምልክት አድርገው ብቻ አይለፉት፤ ሁሉም ምልክት ሲኖራቸው ከላይ ያየነው ስሕተት ይሰወራል። አንድም ሳጥን ሳይነኩ አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻውን ብቻ ነክተው ሌላ ጊዜ ይላኩት። መምህራንም ሲያርሙ በመጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ቢሞክሩ መልካም ነው። ሁለቱም ተደምረው አንድ ደቂቃ አይፈጁም።