ደፋር ባለቤት ነበረው
ለቡና ከተሞቻችን የማዘጋጃ ቤትና የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከጅማ ዙሪያ፣ ከሸቤ ነው። ባለፈው ኅዳር ጀንፈል በበቅሎ ጭነን ወደ ሌላ የገበያ ከተማ ስንሄድ ውሻችን ደፋር ተከትሎን መጣ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የምቃወመው በየከተማው የተለመደውን አሠራር እንጂ አንድን ቢሮ አይደለም።

በገበያው ግርግር ደፋር ጠፋን። ሁለት ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ መናኸሪያውን እየዞርን ጠየቅን። አንድ ዘበኛ «በሬ ቢሆን ኖሮ እናስለፍፍላችሁ ነበር» አለን። እውነቱን ነው። የጠፋ በሬ ወይም በቅሎ ወግ አለው፤ ያገኘው ሰው ያስረዋል፣ ወሬው ይነገራል፣ ባለቤቱ ምልክቱን ተናግሮ ይወስዳል። ለውሻ ግን እንዲህ ያለ ወግ የለም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር አገኘነው። እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል፣ ምላሱን ነክሷል። ልጄ ከጆንያ ክር የገመደለት ማሰሪያ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ሌሎች አምስት ውሾችና አንዲት ድመት ተዘርረዋል። ጋሪ እየገፋ የሚሰበስባቸውን ሰው ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ባለቤት አልባ ናቸው፤ ማታ ሥጋ ተጥሎላቸው ነው» አለኝ። እጁ ላይ ጓንት እንኳ አልነበረም።

«ባለቤት አልባ» ያላቸው ማነው? በየትኛው መዝገብ ታይቶ? በእኛ አገር ውሻ ከቤት ይበላል፣ ደጅ ያድራል። በተለይ በጅማ ዙሪያ ብዙው ቤተሰብ ውሻን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ቦታው በር ላይ፣ ቡና ማስጫው ሥር፣ ማማው አጠገብ ነው። ማታ ውጭ የተገኘ ሁሉ ባለቤት አልባ ከተባለ ባለቤት ያለው ውሻ ከየት ይመጣል? በለጠ ከሚባለው ደን ጥግ ለሚያርስ ሰው ደግሞ ውሻ ጌጥ አይደለም። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት የሚመልስለት እሱ ነው። ደፋር ከሞተ ወዲህ ማማው ላይ የሚውለው ልጄ ነው፤ ትምህርት ቤት የቀረባቸውን ቀናት እናቱ ትቆጥራለች።

ሕጉስ ቢሆን ባለቤቱን ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው ከእጁ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ደፋር ያን ቀን ሰው ነክሶ ቢሆን ኖሮ እኔ ባለቤቱ በሰዓታት ውስጥ ተፈልጌ እገኝ ነበር።

ሥጋታችሁን አላቃልለውም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከመቶ 99ኙ በውሻ በኩል ነው። በእኛም አካባቢ ልጅ የተነከሰበት ቤት እንዴት እንደሚጨነቅ አውቃለሁ። ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንደሚገባ ሁላችንም ልንማር ይገባል። እኔ የምለው የመረጣችሁት የመርዝ መንገድ ይህን ሞት አያስቀርም ነው።

መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ባለቤቱ ክትባት የማያውቅ ቡችላ ያመጣል፣ ከገጠርም ሌላው ይገባል። የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት ከ1997 እ.ኤ.አ. በኋላ ከውሾቿ ግማሽ ያህሉን ፈጅታ በሽታው ግን አልጠፋላትም። ባሊም እንዲሁ በመርዝ ጀምራ ነበር። በሽታው እዚያ መቀነስ የጀመረው ውሻ በብዛት መከተብ ሲጀመር ነው፤ ለተከተቡትም አንገታቸው ላይ ቀይ ማሰሪያ ይታሰርላቸው ነበር። ሩቅ አገር ነው ካላችሁ ባሌ አለላችሁ። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በሽታው ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ሲፈጃቸው ባለሙያዎቹ ቀበሮዎቹን ከተቡ፣ በየመንደሩ ውሻ መከተቡንም ቀጠሉ። ከመቶ ውሾች 70ዎቹ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

መርዙም ውሻው ላይ አያበቃም። በአገራችን ለዚህ ሥራ ሲያገለግል የኖረው ስትሪክኒን እንስሳውን ነፍሱን ሳያስት ጡንቻውን እያኮማተረ ነው የሚገድለው። ሬሳው ቦይ ውስጥ ሲጣል ጅብና ጥንብ አንሳ ይበሉታል። ያቺ ድመትስ ማንን ነከሰች? ማለዳ ሕፃናት የሚሄዱበት መንገድ ላይ የተረፈ ሥጋ ቢኖርስ?

የውጭ አገር ዓይነት የእንስሳት መጠለያ ሥሩልን አላልንም። መጀመሪያ ንገሩን። የውሻ ጉዳይ ሲታሰብ ቀደም ብሎ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድርና በገበያ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገር። በገበያ ቀን ክትባት ይሰጥ፤ ገበሬው ያኔ ነው የሚመጣው። የተከተበው ውሻ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለትና የባለቤቱ ስምና ቀበሌ በአንድ ደብተር ይጻፍ። የተያዘ ውሻ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ በቆርቆሮ በታጠረ ቦታ፣ ውኃ ተቀምጦለት፣ ጥቂት ቀን ይቆይ። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በከተማው ቴሌግራም ይለጠፍ፣ በሩ ላይም ማስታወቂያ ይኑር። ያበደ የሚመስለው ተለይቶ በእንስሳት ሐኪም ይታይ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርበት ኮሌጅ ቅርባችን ነው፤ መምህራኑንና ተማሪዎቹን ጠይቋቸው።

ለመርዙ፣ ለሥጋው፣ ለጋሪውና ሌሊት ለሚሠራው ሰው አበል ወጪ ትመድባላችሁ። ክትባቱን በዚያ ገንዘብ ጀምሩት። የቀረውን እኛ እናዋጣለን፤ በሸቤ ያነጋገርኋቸው ጎረቤቶቼ ለአንድ ውሻ የሚጠየቀውን ለመክፈል ፈቃደኞች ናቸው። አጥሩን ለማጠር እንጨትና ጉልበት ከእኛ ነው። ልጄም ማሰሪያውን ለመግመድ ዝግጁ ነው፤ የክትባቱን ቀን ቁረጡና አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሸቤ፣ አንድ ቡና አምራች